ሻወራችን ለጎረቤታችን ዝናብ አይሁን!

ይድረስ በግቢያችን ብሎኮች ለምትኖሩ ሁሉ፤



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ጽዳት፣ ስለ ጥበቃ ክፍያ፣ ስለ ውሃ ፈረቃ ብዙ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ስለ አንድ ጉዳይ ግን ደረጃ ላይ እንንሾካሾካለን እንጂ በግልጽ ተጽፎ አላየሁም። ጉዳዩ ሻወር ትሬ ሲገጠም ከሥሩ የሚዘረጋው የፍሳሽ ቱቦ ነው። «ደግሞ ስለ ቱቦ ምን ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። ይጻፋል እንጂ! የላይና የታች ነዋሪዎችን እንደምን አደራችሁ እንዳይባባሉ ያደረገች፣ በዕድር ድንኳን ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ያስቀመጠች፣ ኮሚቴውን ከእሑድ እረፍቱ ለሽምግልና የምታስጠራ ይህችው ክንድ የማታክል ቱቦ ናት። ስለዚህ ዛሬ በግልጽ እንነጋገር።

ነገሩ ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀምሮ ቤቶቹ ለባለዕድሎች ሲተላለፉ፣ ብዙው የማጠናቀቂያ ሥራ ለነዋሪው ተትቶ ነበር። መታጠቢያ ክፍሉ ጠባብ ነው። መጸዳጃውና ሻወሩ አንድ ላይ ናቸው፤ ወለሉ ላይ የፍሳሽ ቀዳዳ አለ። ሰው ኑሮው ትንሽ ቀና ሲል ሴራሚክ ያስነጥፋል፣ ትሬ ይገዛል፣ በመስታወት ይከልላል። ይህን የሚቃወም የለም፤ ንጽሕና ክብር ነው። ችግሩ የትሬው ቀዳዳና የሕንፃው ዋና የፍሳሽ ቱቦ አንድ ቦታ ላይ አለመሆናቸው ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ሜትር፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ሜትር መንገድ አለ። ያችን መንገድ በየት በኩል፣ በምን ያህል ተዳፋት፣ በምን ዓይነት ቱቦ እንዘርጋት? ጠቡ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እኛ ግን ስንገዛ የምናየው የትሬውን ንጣትና የመስታወቱን ውፍረት ነው። ከሥር ያለው አይታይማ! የማይታየው ነገር ላይ እንቆጥባለን፤ የሚታየው ላይ እንኩራራለን። ሠራተኛውንም «ዛሬ ጨርስልኝ፣ ማታ እንግዳ አለብኝ» እያልን እናጣድፈዋለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ውሃ ልመና አይሰማም

ውሃ ሽማግሌ አይሰማም፣ ምልጃ አይቀበልም። የሚሰማው ተዳፋትን ብቻ ነው። እንግዲህ ማንም ነዋሪ፣ ሙያተኛ ባይሆንም፣ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች እነሆ።

የሻወር ፍሳሽ ቱቦ ውፍረቱ ከ40 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነውን 32 ሚሊ ሜትር አምጥቶ «ያው ቱቦ ነው» የሚል ሠራተኛ ካጋጠመ ሥራው እዚያው ላይ ይቁም። ሻወር በደቂቃ 8 እና 10 ሊትር ያወርዳል፤ ከዚያ ጋር ፀጉር፣ ሳሙናና ቅባት አብሮ ይሄዳል።

ተዳፋቱ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የእንግሊዝ አገር የግንባታ መመሪያ የራሱ መተንፈሻ ለሌለው የ40 ሚሊ ሜትር የሻወር ቱቦ በሜትር ከ18 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ተዳፋት ይፈቅዳል፤ ርዝመቱንም በ3 ሜትር ይገድበዋል። ይህ ዝም ብሎ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። ቱቦው ጠፍጣፋ ከሆነ ሳሙናውና ፀጉሩ እየተኛበት ይደፈናል። በጣም ረጅም ወይም ገደል ከሆነ ደግሞ ውሃው ቱቦውን ሞልቶ ሲወርድ የሲፎኑን ውሃ መጥጦ ይዞት ይሄዳል።

ሲፎን ምንድን ነው ለሚል፦ ከትሬው ቀዳዳ ሥር ያለው፣ ሁልጊዜ ውሃ ቋጥሮ የሚቀመጠው ዕቃ ነው። የሚቋጥረው ውሃ ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ያቺ ውሃ በር ናት። በሩ ሲከፈት የጋራው የፍሳሽ ቱቦ ሽታ ከነበረሮው ቤት ይገባል። «ኮንዶሚኒየም እኮ ይሸታል» እያልን የምናማው ብዙ ጊዜ የሚሸተው ኮንዶሚኒየሙ ሳይሆን ሲፎን የሌለው ሻወራችን ነው። ቤቱ ለወራት ተዘግቶ ከቆየም የሲፎኑ ውሃ በትነት ያልቃልና ተመላልሶ አንድ ጆግ ውሃ የሚያፈስበት ሰው መተው ይገባል።

አራቱ ጥፋቶች

በየብሎኩ የሚፈጸሙትን ጥፋቶች በአራት ልንከፍላቸው እንችላለን።

አንደኛ፣ ቱቦን በእሳት መጠምዘዝ ነው። ጎሚቶ ላለመግዛት ፒቪሲውን በጋዜጣ እሳት ወይም በቡታጋዝ አሙቆ ማጠፍ፣ አፉንም አስፍቶ አንዱን በአንዱ ውስጥ መሰካት የተለመደ ሆኗል። ቱቦው በታጠፈበት ይሳሳል፣ ይጨማደዳል፤ የተሰካው አፍ በልኩ ስለማይሆን ማጣበቂያው አይዘውም። ጭሱም ለሚሠራው ሰው ሳንባ መርዝ ነው። ለጎሚቶ የተቆጠበችው ገንዘብ በኋላ ሴራሚክ ሲፈረስ ስንት እጥፍ ሆና ትወጣለች!

ሁለተኛ፣ ሲፎኑን መዝለል ወይም ቱቦውን ያለ ተዳፋት ማስተኛት ነው። ሠራተኛው በዓይኑ ገምቶ «ይሄዳል፣ ይሄዳል» ይላል። ውሃ ልክ በሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። እንዴ! ሁለት ሴንቲ ሜትር በዓይን ይለካል እንዴ?

ሦስተኛ፣ መገጣጠሚያን ቀብሮ መርሳት ነው። በአንዲት ሜትር ተኩል ውስጥ ሦስት አራት ቀጥ ያለ ጎሚቶ ተደርድሮ፣ በሲሚንቶ ተደፍኖ፣ ሴራሚክ ይለበስበታል። ሲደፈን በየት በኩል ይጠረግ? መታጠፊያው ለስላሳ፣ ማለትም 45 ዲግሪ የሆኑ ሁለት ጎሚቶዎች ቢሆን፣ ሲፎኑም ከላይ የሚከፈትና የሚጸዳ ቢሆን ኖሮ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር። ትሬውም በአራት ማዕዘኑ ላይ በብሎኬት ስባሪ ተደግፎ መሐሉ ባዶ ከሆነ ሰው በረገጠው ቁጥር ይለምጣል፤ ሲለምጥ የቀዳዳው ማሰሪያ ይላቀቃል። ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ አልጋ ላይ ካልተቀመጠ ዙሪያውን የሚቀባው ሲልከን አያድነውም።

አራተኛውና ዋናው፣ ሶሌታ መቆፈር ነው። በዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር እፈልጋለሁ።

ለትሬ ቁመት ሲባል ሶሌታ አይቆፈር!

አሁን ፋሽኑ ከወለል ጋር እኩል የሆነ ትሬ ነው። ያምራል፤ አልክድም። ነገር ግን ሲፎኑና ቱቦው የሚቀመጡበት ጥልቀት ከየት ይምጣ? ሲፎንና ተዳፋት አንድ ላይ እንደ ርቀቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋሉ። አዲስ በሚገነባ ቤት መሐንዲሱ አስቀድሞ ቦታ ይተውለታል። ተሠርቶ ባለቀ ፎቅ ላይ ግን ያ ጥልቀት የሚገኘው ወይ ትሬውን ከፍ በማድረግ ነው፣ ወይ ወለሉን በመሮ በመፈልፈል ነው። የእኛ ሰው የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ወገኖቼ፣ ከሊሾው ሥር ያለው እኮ የሕንፃው አካል ነው! በዝቅተኛ ወጪ በተሠሩ ብሎኮች ብዙ ቦታ ሶሌታው ተዘጋጅተው በመጡ ቢሞችና መሐላቸው ክፍት በሆነ ብሎኬቶች የተሠራ ነው። እዚያ ላይ መሮ ሲያርፍ ወይ ብሎኬቱ ይበሳል ወይ ፌሮው ይነካል። ፌሮ ቆርጦ ቱቦ ያሳለፈ ሰው ቤቱን አሳመርኩ ብሎ የሚረግጠውን መሠረት አደከመ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

በዚያ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ማፍሰስ ከጀመረ ደግሞ ማን ያየዋል? የላይኛው አያይም፤ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። የሚያየው የታችኛው ነው። መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ እንደ ሻይ ያለ ክብ ይወጣል፤ ቀለሙ ይነፋል፤ ቀጥሎ ይረግፋል፤ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ፌሮው ዘንድ ሲደርስ ያዝገዋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ሲታጠብ 100 ሊትር ውሃ ቢያወርድ፣ ከመቶው አንዱ እጅ ብቻ በመገጣጠሚያው ቢያመልጥ፣ 1 ሊትር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 5 ሊትር፣ በዓመት 1,825 ሊትር ይሆናል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ከዘጠኝ በላይ ማለት ነው። ዘጠኝ በርሜል የሳሙና ውሃ እማማ ራስጌ ላይ! እሳቸው ሳፋ ደቅነው፣ አልጋቸውን ወደ ሳሎን አውጥተው ያድራሉ፤ ላይ ያለው ግን «እኔ ቤት ምንም የረጠበ ነገር የለም» ይላል። አዎ፣ የለም። ያንተ ውሃ እሳቸው ቤት ነዋ ያለው!

ለሚነሡ ክርክሮች መልስ

«ቤቴ ነው፤ የፈለግሁትን ብሠራ ማን ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። ካርታው የእናንተ ነው፤ ማንም አልነጠቃችሁም። ግን የእናንተ ወለል የሌላ ሰው ጣሪያ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትንና የሕንፃውን የጋራ አካል ለይቶ ያስቀመጠው፣ የጋራውንም ማኅበሩ እንዲያስተዳድረው ያደረገው በከንቱ አይደለም። ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ከላይ እስከ ታች የሁላችን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኪሣራውን መካስ አለበት ይላል። ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ ማለቴ አይደለም፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና በቤታችን እንጨርሰው ማለቴ ነው። ነገር ግን «ማን ምን አገባው» የሚለው ቃል ሕግም፣ ወግም እንደማይደግፈው ይታወቅ።

«ያበላሸው ሠራተኛው ነው» የሚሉም አሉ። ሠራተኛው ሄዷል፤ ስልኩም አይነሣም። ደግሞስ ርካሹን የመረጠ ማን ነው? «ቶሎ በል» ያለው ማን ነው? ውሃ ሳይሞከር ሴራሚክ እንዲለበስ የፈቀደስ? በእርግጥ ጥሩ ሙያተኞች አሉን፤ «ቱቦው ሳይፈተሽ አልደፍንም» ብለው ከባለቤት ጋር የሚሟገቱ። እነርሱን ነው «ዋጋ አበዛ» እያልን የምናባርራቸው።

«ከፍ ያለ ትሬ ለአረጋውያን አይመችም» የሚለው ክርክር ግን ቁም ነገር አለውና በቁም ነገር እመልሳለሁ። እውነት ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ለታመመ ጉልበት ተራራ ነው። መፍትሔው ግን ሶሌታ መቆፈር አይደለም። ትሬው ለዋናው ቱቦ ቅርብ በሆነው ማዕዘን ቢቀመጥ ለተዳፋት የሚያስፈልገው ከፍታ ይቀንሳል። ቁመቱ አጭር የሆነ የሻወር ሲፎንም ይሸጣል፤ ሲገዛ የሚቋጥረው ውሃ ጥልቀት ይታይ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰፊ መርገጫና ግድግዳ ላይ በደንብ የታሰረ መያዣ ብረት ይበቃል። ይህ ሁሉ ካልተመቸ ትሬውን ትቶ በነባሩ የወለል ፍሳሽ ላይ ወለሉን በተዳፋት አስነጥፎ መጠቀም ይቻላል፤ ከሴራሚኩ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ልባስ እስከተደረገ ድረስ።

«ወጪው ይበዛል» ለሚሉት፦ ሲፎን፣ ጥቂት ሜትር ቱቦና ሁለት ጎሚቶ ከትሬውና ከመስታወቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የሚያከስረው ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። የራስን ሴራሚክ አፍርሶ፣ የጎረቤትን ኮርኒስ አድሶ፣ በዚያ ላይ የተቀየመ ፊት ማየት! ይህን በገንዘብ የሚተምነው ማን ነው?

የውሃ ፈረቃ ጉዳይም አለ

አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ «የለም» ብሎ ሳይዘጋ ይወጣል። ውሃው ሌሊት ወይም ባለቤቱ ሥራ እያለ ይመጣል። የትሬው ፍሳሽ ደህና ከሆነ ውሃው ይባክናል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ቱቦው በፀጉርና በሳሙና ግማሹ ከተደፈነ ግን ትሬው ሞልቶ ይፈስና ደረጃውን ይዞ እስከ ምድር ቤት ይወርዳል። ስለዚህ ቧንቧ መዝጋት ልማድ ይሁን፤ የሲፎኑም መክደኛ በወር አንድ ጊዜ ተከፍቶ ፀጉሩ ይውጣ። ከሽሮ ድስት ማጠብ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ምን ይደረግ?

በመሆኑም ጠቅላላ ጉባኤያችን በሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን ነጥቦች ተወያይቶ በውስጠ ደንባችን ውስጥ እንዲያስገባ አሳስባለሁ፦

1. ትሬ የሚያስገጥም ነዋሪ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለብሎኩ ተጠሪና ከሥሩ ላለው ጎረቤት ያሳውቅ። ፈቃድ ልመና አይደለም፤ ማሳወቅ ነው።

2. ያለ መሐንዲስ ምክርና ያለ ማኅበሩ ስምምነት ሶሌታ መቆፈር፣ ፌሮ መንካት ፈጽሞ ይከልከል። ከፍታ ካስፈለገ ትሬው ከፍ ይበል።

3. የሻወር ፍሳሽ ወደ ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ብቻ ይግባ። በግድግዳ በስቶ ወደ ውጭ ማፍሰስ፣ ከዝናብ ውሃ አሸንዳ ጋር ማገናኘት ይቅር።

4. ቱቦው ሳይደፈን በውሃ ይሞከር። ጫፉ ተወትፎ ውሃ ይሞላና አንድ ሰዓት ይጠበቅ፤ ከዚያም ትሬው ተሞልቶ በአንድ ጊዜ ይለቀቅ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይዳሰስ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ሥራው አላለቀም። ሙከራውን የታችኛው ጎረቤት መጥቶ ቢያየው ደግሞ እሰየው።

5. ከመደፈኑ በፊት የቱቦው መንገድ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ አንዱ ቅጂ ለተጠሪው ይሰጥ። ወደፊት ሲበላሽ ወለሉን ሁሉ እንደ ድንች ማሳ ከመቆፈር ያድነናል።

6. ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር ወይም ውጭ አገር የሚኖር ባለቤት፣ ፍሳሽ ሲፈጠር ወጪ ወስኖ ሊያሠራ የሚችል ተወካይ ለማኅበሩ ያስመዝግብ። ተከራዩ «ለባለቤቱ ነግሬያለሁ»፣ ባለቤቱ «ስመጣ አየዋለሁ» እያሉ የታችኛው ሰው ክረምትና በጋውን በዝናብ መኖር የለበትም።

ከዚህ ቀደም ተሠርተው ያሉትስ? እነርሱን ሁሉ እናፍርስ የሚል የለም። ነገር ግን ከታች ያለው ጎረቤት «ኮርኒሴ ረጠበ» ሲል መልሳችን «ከእኔ አይደለም» ሳይሆን «መጣሁ፣ አብረን እንየው» ይሁን። ነገሩን ማወቅ ከባድ አይደለም። ሻወሩ ለሦስት ቀን ሳይነካ ይቆይና ጠብታው ከቆመ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። ሻወሩም ቆሞ ጠብታው ቀን ከሌት ከቀጠለ፣ የሚያፈሰው ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ሊሆን ይችላልና እሱ ይፈተሽ። ይህን ለማድረግ ትዕግሥትና ቅንነት እንጂ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ በሁለት ሴንቲ ሜትር ተዳፋት የሚያልቀውን ነገር ለነገ ካሳደርነው በሽማግሌም አያልቅም። ስብሰባው ላይ የሚቃወም ካለ ይምጣና ይቃወመኝ፤ እጄን አጣጥፌ አዳምጣለሁ። ብቻ ሲመጣ አስቀድሞ ከሥሩ ያለውን ቤት አንኳኩቶ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አይቶ ይምጣ።

ውሃው በቱቦው ይውረድ፤ ጠቡ ከቤታችን ይውጣ!

ከማኅበሩ አባላት አንዱ